የማንም እጅ ያልገባበት ማህደር

እስቲ እነዚህን ቅጾች እዩልኝ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ናቸው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሠራተኞች ለአዲሱ የቤተሰብ ሕክምና ሽፋን የተመዘገቡባቸው ናቸው። ገለጥ ገለጥ አድርጓቸው፤ የባል ስም፣ የሚስት ስም፣ የልጆች ዕድሜ፣ «ጥገኛ ወላጅ ካለ ይገለጽ» የሚለው ሣጥን። ቀለሙ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው። «ለ» ሁሉም ላይ አንድ እግሯ ረዘም ይላል። ልብ ብላችሁ ከሆነ የእጅ ጽሑፉ የአንድ ሰው ነው። ይህ ቢሮ ሕፃናት በስንት ዓመታቸው ስማቸውን በገዛ እጃቸው መጻፍ እንዳለባቸው ዕቅድ የሚያወጣ ቢሮ ነው። ሠራተኛው፣ ግማሹ ባለ ዲግሪ፣ የሚስቱን ስም ሰው ጻፈለት።

ከቅጾቹ አንዱ የእኔ ነው። ማባዣ ክፍል ነው የምሠራው፤ ቅጹን ሁለት መቶ ሃምሳ ቅጂ አባዝቼ ስጨርስ የራሴን ላስሞላ ተሰለፍኩ። ስለዚህ ስቆጣ ራሴንም ጨምሬ ነው።

የሞላችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። እትዬ ፋይል ይሏታል። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል፤ የእሷ ስም ግን ከቢሮ ወጥቶ ቤቷ ገብቷል፤ ባሏ ሲያቆላምጣት «ፋይልዬ» ነው የሚላት።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ነው። አንድ መስኮት፣ ሰባት የብረት መደርደሪያ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ ሥር ካርቶን የተደረገለት ወንበር። ማህደሮቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ አይደለም፤ በቅጥር ተራ ነው። መጀመሪያ የተቀጠረው ከበሩ አጠገብ፣ ትናንት የተቀጠረው ከመስኮቱ ሥር። ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሚቀይረውም የለም። እትዬ ፋይል ሃያ ሰባት ዓመት ስለሠራችበት ሰው በሩ ላይ ሲቆም ስሙ አይታያትም፤ ቁጥሩ ነው የሚታያት።

«ሦስት መቶ አርባ፣ ግባ እንጂ። ልጅህ ተሻላት?»

«ተሻላት እትዬ። ግን እኔ ሦስት መቶ አርባ አንድ ነኝ።»

«ሦስት መቶ አርባ አንድ ልጅ የለውም። አትቀልድብኝ፣ ግባ።»

ከጠረጴዛዋ በላይ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተሰቅሏል፤ «ማንኛውም የመዝገብ ሠራተኛ የራሱን ማህደር መክፈት፣ ወረቀት መጨመርም ሆነ ማውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ነገሩ መሠረት አለው። ድሮ አንድ የመዝገብ ሠራተኛ ጡረታው ሲቃረብ ማህደሩን ከፍቶ ዕድሜውን በስድስት ዓመት ቀነሰው። የተያዘው፣ በአዲሱ ልደቱ ሲሰላ ሥራ የጀመረው በዐሥራ አንድ ዓመቱ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ደንቡ የወጣው ያኔ ነው። ጥሩ ደንብ ነው። ያኔ መዝገብ ቤቱ ሁለት ሠራተኛ ነበረው፤ አንዷ የሌላዋን ማህደር ትይዛለች፣ ሌላዋ የአንዷን።

ከስምንት ዓመት በፊት ባልደረባዋ ጡረታ ወጣች። «የሠራተኞች ዜና» የምትባለው ባለ አራት ገጽ ጋዜጣችን ከነፎቶዋ አውጥታ ሸኘቻት። መደቡ «ለጊዜው ክፍት» ተባለ። በሁለተኛው ዓመት «በጥናት ላይ» ተባለ። በአራተኛው ዓመት ከመዋቅር ወጣ። ሲወጣ ለማንም አልተነገረም፤ ወንበሩ ባዶ ስለነበር የሚነገረው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የእትዬ ፋይልን ማህደር የነካ የለም። እሷ አይፈቀድላትም፤ ሌላ ሰው የለም። አራት ጊዜ ደብዳቤ ጽፋለች። የደብዳቤዎቹን ግልባጭ የትኛው ማህደር ውስጥ እንደምታስቀምጥ ስለቸገራት መሳቢያዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ማህደሯን ብታነቡት ሌላ ሴት ነው የምታገኙት። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልታመመችም። የዓመት ዕረፍት ወጥታ አታውቅም። እናቷ በሕይወት አሉ። እናትየው ካረፉ አምስት ዓመታቸው ነው፤ የሐዘን ፈቃዷ ተፈርሞ ተሰጥቷት ነበር፣ ፈቃዱን ማህደር ውስጥ የሚከት እጅ ነው የታጣው። ማህደሩ የሚለው ሌላም ነገር አለ፤ ያላገባች ናት ይላል።

አግብታለች። ከስድስት ዓመት በፊት ነው፣ በአርባ አራት ዓመቷ። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የጥበቃዎቹን ዩኒፎርም ሰፍቶ ሊያስረክብ መጥቶ ነው የተገናኙት።

«እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለችው።

«ምኑ ላይ?»

«ማስረከብዎ ላይ።»

«ሌላም የሚፈረም ካለ አብረሽ አምጪው፣ ከምመላለስ» አለ።

ሦስት ወር ተመላልሶ ፈረመ። ፎቷቸው በሠራተኞች ዜና ሦስተኛ ገጽ ላይ ወጣ። ቢሮው በሙሉ አየ፣ አጨበጨበ፣ ኬክ በላ። ማህደሯ ብቻ አልሰማም። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ሰው እስኪቀጠር ይጠብቃል።

ባልየው የሚሠራው ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጋርዶበታል። እትዬ ፋይል ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ሃያ መርፌ ክር አስገብታ ትንሽ ትራስ ላይ ትሰካለታለች፤ ዐሥሩ ጥቁር፣ አምስቱ ነጭ፣ አምስቱ ቡናማ። ሰማያዊ ልብስ የያዘ ደንበኛ ቅዳሜ ተመለስ ይባላል። ደንበኞቹ ጨዋ ናቸው። አንድ እግሩ ያጠረ ሱሪ ለብሰው «እጅህ ይባረክ» ብለው ይሄዳሉ። ሁለተኛ አይመጡም።

ሐኪሙ «በቀዶ ሕክምና ይከፈታል» አለ። «ግን ከሁለት ሦስት ወር በላይ ባይቆይ ደስ ይለኛል።» በራሳቸው አቅም እናሠራው ቢሉ ያላቸው የሚሸጥ ነገር የልብስ ስፌት መኪናው ነው። መኪናውን ሸጦ ዓይን ማብራት። የበራው ዓይን ምን ሊሠራበት?

እንዲህ ተቀምጠው ሳሉ ነው ሽፋኑ የመጣው። ማስታወቂያው በወሩ መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ወጣ፤ የሠራተኞች ዜናም የፊት ገጿን ለቀቀችለት፤ «የምሥራች ለመላው ሠራተኞቻችን» ብላ። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅና ጥገኛ ወላጅ ይሸፈናል፤ የዓይን ቀዶ ሕክምና በስሙ ተጠቅሷል። ቅጽ የሚገባው እስከ ወሩ መጨረሻ ዓርብ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ነው። ያ ቀን ያለፈበት በዓመቱ ይሞክር። እያንዳንዱ ቅጽ ማህደሩ ውስጥ ካለው ጋር ይመሳከራል።

ይመሳከራል ስለተባለ ሰው ሁሉ መዝገብ ቤት ወረደ። ከወረደ አይቀር ቅጹንም እዚያው ጣለው።

«እትዬ፣ በናትሽ እግረ መንገድሽን ሙዪልኝ።»

«እጅህን ምን ነካው?»

«እጄስ ደህና ነው። የሚስቴ ልደት ነው የጠፋብኝ።»

«ደውለህ ጠይቃታ።»

«አሁን ጠይቄያት ማታ የት ልግባ?»

ትስቃለች፣ ታወጣለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይላል ሰው፤ እሷ ግን ስትቆርስ ስትቆርስ ወደ ራሷ ስትደርስ ሰኞ ሆነ። አራት ቀን ቀረ።

የሰው ሀብት ኃላፊው «መመሪያው» ነው የሚባለው። ያለዚህች ቃል አፉን ስለማይከፍት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ሰድበነው እንገላገል ነበር።

«ቅጽዎ ባለትዳር ይላል» አላት ሰኞ ጠዋት። «ማህደርዎ ደግሞ ያላገባች።»

«ሠርጌ ላይ ነበሩ እኮ።»

«ነበርኩ። ደስ የሚል ሠርግ ነበር። መመሪያው ግን ከማህደር ጋር ይመሳከር ነው የሚለው።»

«የምስክር ወረቀቱ ይኸው፣ በእጄ ነው።»

«በእጅ ያለ ወረቀት፣ ወረቀት ነው። ማህደር ሲገባ ነው ማስረጃ የሚሆነው።»

«እንግዲያው ያስገቡልኝ።»

«እኔ የመዝገብ ሠራተኛ አይደለሁም።»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ደግሞ የራስዎን መንካት አይችሉም።»

«ታዲያ ማን ያስገባው?»

መመሪያው አሰበ። የምሬን ነው፣ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጣሪያውን እያየ አሰበ።

«ሌላ የመዝገብ ሠራተኛ» አለ።

«ሌላ የለም።»

«የለም» ብሎ ተስማማ። ተስማምተው ተለያዩ።

ማክሰኞ ወሬውን የሰማው ሕዝብ ግንኙነታችን፣ የሠራተኞች ዜና አዘጋጅ ማለት ነው፣ ስድስት ዓመት የሞላትን ጋዜጣ ከቁም ሳጥን አውጥቶ መመሪያው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋት።

«ይኸው ሙሽራው። ይኸው ሙሽራይቱ። ይኸው ደግሞ እርስዎ፣ ከኋላ፣ ኬክ ይዘው።»

መመሪያው መነጽሩን አድርጎ አየ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«ታዲያ?»

«ዜና ማስረጃ አይደለም።»

«የቢሮው ጋዜጣ ነው እኮ፣ ማኅተምዎ አለበት።»

«ማኅተሙ ለዜናው ነው።»

«ጥሩ። ነገ እርማት አወጣለሁ።»

«የምን እርማት?»

«'አላገባችም፣ ይቅርታ' የሚል። ወይ ጋዜጣው ዋሽቷል ወይ ማህደሩ። አንዱን ይምረጡና ልጻፍ።»

«ተረጋጋ እንጂ ወንድሜ» አለ መመሪያው፤ ጋዜጣዋን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰለት።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት እትዬ ፋይል የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርታ የማህደር ሥራ አስተማረቻት። ወረቀቱ ይበሳል፣ ይታሰራል፣ ገጹ ይቆጠራል፣ ዝርዝሩ ላይ ይጻፋል፣ ይፈረማል። አርባ ደቂቃ ፈጀ።

«ይኸው ነው እንዴ እትዬ?» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። «ስታማርሩ ስሰማ ድንጋይ የምትፈልጡ ይመስለኝ ነበር።»

«ማስቀመጡ ቀላል ነው። ከዓመት በኋላ 'አምጪ' ሲሉሽ ነው ድንጋዩ።»

ሁለቱም ወደ ላይ ወጡ። መመሪያው የሥራ መዘርዝር ከመሳቢያው አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «የጽዳት ሠራተኛ የማህደሮችን አቧራ ታራግፋለች ይላል። ይህ ከውጭ ነው። ስለ ውስጡ የሚለው ነገር የለም።»

«ውስጡም አቧራ አለው ጌታዬ» አለች።

መመሪያው ይህን ሰምቶ አልተቆጣም። ጊዜያዊ ውክልና እንዲሰጣት ለቢሮ ኃላፊው ደብዳቤ ጻፈ፤ ከልቡ ነው የጻፈው፣ ያባዛሁት እኔ ነኝ። የቢሮ ኃላፊው ግን እስከሚቀጥለው ሰኞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው የሠራተኛን ተነሳሽነት ስለማሳደግ ነው።

ሐሙስ ከሥራ ስትገባ ባሏ ስፌቱን በጣቱ እየዳበሰ ኮት ይተኩሳል። ከድምጿ ነው የሚያውቅባት፣ ፊቷን ከተወው ቆይቷል።

«ምን አሉሽ?»

«አላገባሽም አሉኝ።»

«እኔም እኮ ይሸተኝ ነበር። እስከ ዛሬ ምሳ የቋጠርኩልሽ ለባዳ ነዋ።»

ሳቀች። ካውያውን አስቀመጠ። «አንቺ፣ የዓይኔን ነገር ተይው» አላት። «ለምጄዋለሁ። በዚህ ምክንያት ሥራሽን ብታጪ ነው የማላየው ነገር የሚበዛብኝ።»

 

ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የተባዙ ወረቀቶች ላደርስ መዝገብ ቤት ገባሁ። መቶ ስልሳ ስምንት ቁጥርን ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። የራሷ ነው።

«ውጣ» አለችኝ። «ምስክር ትሆናለህ።»

«ልሁና።»

«እንግዲያው ወዲያ በል፣ ብርሃኑን ጋርደኸዋል።»

መሳቢያዋን ከፈተች። ስምንት ዓመት የተጠራቀመውን በቀን ቅደም ተከተል ዘረጋችው፤ የታይፎይድ የሐኪም ወረቀት፣ ዕረፍት፣ ዕረፍት፣ ጋብቻ፣ የእናቷ ሐዘን፣ አራቱ ደብዳቤዎች። እየበሳች፣ እያሰረች፣ እየቆጠረች፣ እየፈረመች ሄደች። እናቷ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ በሳችው። ዐሥራ ሰባት ወረቀት ነው። ሲያልቅ ንጹሕ ወረቀት ስባ ለመመሪያው ጻፈች፤ «ዛሬ ዓርብ የራሴን ማህደር ከፍቼ ዐሥራ ሰባት ወረቀት ያስገባሁ መሆኔን አሳውቃለሁ። ደንቡን አላውቅም አልልም፤ በፕላስቲክ ያስለበጥኩት እኔ ነኝ።»

ቅጹን፣ ማህደሩንና ደብዳቤውን ይዛ ወጣች። ተከተልኳት። መመሪያው ቅጹን ከማህደሩ ጋር አስተያየ። «ይመሳከራል» አለ፤ ማኅተሙን መታ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስተኛ። ሰዓቱ ዐሥር ከሩብ ነበር። ከዚያ ደብዳቤውን አነበበ።

«ይህን ባይጽፉልኝ እኮ አላውቅም ነበር» አላት። የተከፋ ይመስል ነበር።

«የሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው ወረቀት ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። የእኔ በድብቅ ከገባ የእነሱም ይጠረጠራል።»

«ሽፋኑ አይነካም፤ ወረቀቱ ማህደር ውስጥ አለ፣ እኔ የማየው ያንን ነው። እርስዎን ግን ለዲሲፕሊን ማቅረብ አለብኝ። መመሪያው...»

«አውቃለሁ» አለችው።

ኮሚቴው በሁለት ሳምንቱ ተቀመጠ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከሦስቱ የሁለቱ ሚስቶች ስም በእሷ እጅ ጽሑፍ ነው የተመዘገበው። «በማን ፈቃድ ከፈቱት?» ብለው ጠየቋት፤ «በማንም» አለች። ከዚያ በላይ የሚጠየቅ አልነበረም፣ በጽሑፍ የታመነ ነገር ተክዶ አያውቅም። የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣትና ከመዝገብ ቤት ተነሥታ በር ላይ ካለው የመረጃ ጠረጴዛ ተመደበች። ከመካከላችን ገብቶ አንዲት ቃል የተነፈሰ ሰው የለም። እኔ ደጅ ቆሜ ነበር። ደጅ መቆም መናገር አይደለም። አሁን ይህን ስጽፍ ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ መሆኔ አይጠፋኝም፤ ግን ይህ ጅብ ተመላላሽ ነው፣ ስለዚህ እጮኻለሁ።

እሷ በተነሣች በአራተኛው ቀን መዝገብ ቤቱ ሁለት ሠራተኛ ተመደበለት። ሁለት። ስምንት ዓመት የጠፋውን መደብ በአራት ቀን አገኙት። የሠራተኞች ዜና «መዝገብ ቤታችን በሰው ኃይል ተጠናከረ» ብላ ፎቷቸውን አወጣች፤ ሕዝብ ግንኙነቱ ርዕሱን ራሱ እንዳልሰጠው ምሎልኛል። አዲሶቹ ልጆች የመጀመሪያ ሥራቸው በመቶ ስልሳ ስምንት ቁጥር ላይ ነበር። ማስጠንቀቂያውን በሱት፣ አሰሩት፣ ቆጠሩት፣ ፈረሙበት። አንድ ስሕተት የለበትም። ማህደሩ የት እንደሚገኝ ስላላወቁ በሩ ድረስ ወጥተው ቁጥሯን የጠየቁት ራሷን ነው።

የባሏ ቀኝ ዓይን ባለፈው ሳምንት ተከፈተ። መሸፈኛው ሲነሣ አጠገቡ ነበረች። መጀመሪያ ፊቷን አየ፣ ረዘም አድርጎ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ኮቷ አንገትጌ ወረደ።

«ይህን ማነው የሰፋው?»

«አንተ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ክረምት።»

«አውልቂው» አላት። «ይህን ለብሰሽ በር ላይ ነው የምትቀመጪው?»

«በር ላይ ነው።»

«ሰው ምንም አላለሽም?»

«ይህ መሥሪያ ቤት ሰው ምንም የሚልበት አይደለም።»

የግራው ዓይን በሚቀጥለው ወር ነው። ሽፋኑ የሚጸናው እሷ ሥራ ላይ እስካለች ድረስ ነው፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ ደግሞ ከእንግዲህ አንዲት ጥፋት ብቻ ናት የቀረችው። ስምንት ዓመት ባዶ ቆይቶ ደንብ ያስጣሳትና ያስቀጣት ወንበር ግን ኮሚቴ ፊት አልቀረበም፤ ማህደር የለውም።

እናንተ የምታነቡት፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ያሳዝናል» ብላችሁ ገጹን አትግለጡ። ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ ከመቀመጣችሁ በፊት መዝገብ ቤታችሁ ውረዱና በሩን አንኳኩ። የራሳችሁን ማህደር አትጠይቁ። እዚያ የተቀመጠችውን ሰው «የአንቺን የሚይዘው ማነው?» በሏት። ስም ካልነገረቻችሁ ወደ ላይ ውጡና ኃላፊውን ጠይቁት፤ እሱ ስም ጠርቶ እስኪመልስላችሁ ድረስ ከቢሮው አትውጡለት።